ባዶ የታጠፈች ሶፍት

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እጄ ግን ገና አልሰማም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቴን ሲጋርደው፣ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ ዓይኔን ስከድን፣ ጣቶቼ ካጠገቤ ካለው እሽግ አንዲት ሶፍት ይመዛሉ። ጠርዟን በጥፍር ፈልቅቀው ለሁለት ስስ ንጣፍ ይለዩአታል። አንዷን ጭኔ ላይ ዘርግተው አራት ጊዜ ያጥፏታል፤ ትንሽ ፖስታ ያደርጓታል። ስባንን ጭኔ በነጫጭ ፖስታ ተሞልቶ አገኘዋለሁ። ልጄ "እማ፣ ደግሞ ለማን ልትልኪው ነው?" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ለማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ኑሪያ እባላለሁ። ደሴ ተወልጄ ደሴ ያረጀሁ ነኝ፤ በመሃል ኮምቦልቻ ትንሽ አላበችኝ እንጂ። ሥራዬ ባጭሩ ይኸ ነበር፦ ሐኪም ከሰው ገላ ላይ ቁራጭ ሥጋ ይወስዳል። እኔ ያንን ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ አቆይቼ፣ ውሃውን አውጥቼ፣ በሰም ውስጥ አስቀምጬ፣ ከሶፍት በሳሳ መልኩ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ መስታወት ላይ አስተኝቼ፣ ቀለም አጠጥቼ ለሐኪሙ አቀርባለሁ። እሱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ክፉ በሽታ ነው፣ አይደለም ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ የሱ ነው፤ ምስክሩን አልብሶ ችሎት ፊት የሚያቆመው ግን የኔ እጅ ነበር። ደሞዙን አትጠይቁኝ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ "አልሐምዱሊላህ" እያልኩ ነው የኖርኩት።

አያቴ ከየመን የመጣ ነጋዴ ነው። አባቴም ጨርቅ ሻጭ ነበር፤ ሱቃችን ውስጥ ከጣቃ ጣቃ እየተንከባለልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ ጨርቅ በዓይኑ አይገዛም። ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ጣቱ መሃል ያሸዋል። "ይኸ ተጣድፈው የሠሩት ነው" ይላል፤ ወይ ደግሞ "ይኸን የሸመነው ሰው ልቡ ረግቶ ነበር"። ላቦራቶሪ ልማር ነው ስለው ፊቱ ጠቆረ፤ "ሱቁን ለማን ትተሽ?" አለ። ሥራው ምን እንደሆነ በኋላ ሳስረዳው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ "ታዲያ አንቺም ያው ጨርቅ ነው የያዝሽው። የአላህን ሽመና" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላኮረፈኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሥራው የወባ ደም ማየት ነበር። አለቃዬ ከሰው ይልቅ ቁልፍ የሚያምን ሰው ነበር፤ ጥጡን ሳይቀር ይቆልፍበታል፣ ከዚያ ቁልፉን ያጣዋል። እኔ ሙቀቱ እያፈዘዘኝ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ እውላለሁ። ስነሣ የቦርከና ወንዝ፣ መንገዱ፣ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ እንደ ደሙ ማቅለሚያ ሐምራዊ መስሎ ይታየኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ በእንቅልፍና በንቃት መሃል አለፈ። ዝውውር ሲመጣልኝ ሻንጣዬን ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ከዳገቱ አናት ላይ ጉሙ ተቀበለኝ፤ አፍንጫዬ ያኔ መፍሰስ ጀመረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆመም። ደሴ የገባሁበት የሕክምና ቤት ሠራተኛ በሳምንቱ "ኑሪያ ሶፍት" የሚል ስም አወጣልኝ።

እዚያ ነው ጋሽ ይማምን ያገኘኋቸው። የደጋን ከተማ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ የበለጠ ዝቅ የሚል። ሙያውን በእጃቸው ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቁራጭ ሥጋ ሲመጣ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡና "እንግዳችን ማን ይባላል?" ይላሉ። አንድ ቀን ቁጥሩን ባነብላቸው ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡት።

"ቁጥር አይታመምም፣ ልጄ። ስም ንገሪኝ" አሉኝ።

ሲቆርጡ ማየት ነበር! ሰሙን በበረዶ አቀዝቅዘው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ የመቁረጫውን እጀታ ሲያዞሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ማሳል የለም፣ በር መክፈት የለም። ከስለቱ ላይ ስሱ ሰም እየተያያዘ ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ይወጣል። በብሩሽ ጫፍ አንሥተው ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ያሳርፉታል። የተጨማደደው ሁሉ እዚያ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው መልኩን ያያሉ፤ ብር ከመሰለ ስስ ነው፣ ወርቅ ከመሰለ ወፍሯል። "እዚህ ቤት ወርቅ ተጥሎ ብር ይነሣል" ይሉኛል። እኔ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን እያየሁ የት እንዳለሁ እረሳ ነበር። እስከ ዛሬ ሕልሜ ውስጥ የሚመጣው እሱ ነው፤ ጥብጣቡ ይንሳፈፋል፣ ማንም አይናገርም፣ ውጭ ጉም ነው።

በጣም ትንሽ ቁራጭ ሲመጣ ግን ዘዴ ያስፈልጋል፤ ካልተጠቀለለ መንገድ ላይ ይጠፋል። ለዚህ የሚሆነው ልዩ ወረቀት ሁልጊዜ አይገኝም ነበር። ጋሽ ይማም ሶፍት ገንጥለው፣ በአንዱ ስስ ንጣፍ ቁራጩን በፖስታ መልክ ያጥፉታል። ሳያጥፉት በፊት ላዩ ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ ቀለም ይጥላሉ። "ትንሽ ነገር ምልክት ካላደረጉለት ማን ያየዋል?" ይላሉ። አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። የሥራዋ ሶፍት ግራ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የኔ የአፍንጫ ሶፍት ከበሩ አታልፍም። ሲያፍነኝ ወጥቼ ተናፍጬ፣ እጄን ታጥቤ እመለሳለሁ። ቀን አሥር ጊዜ። "ይኸ ሰውዬስ አበዙት" እያልኩ በልቤ አጉረመርም ነበር።

ቀለም የጠጣውን ሥጋ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አለቀስኩ ብል ትስቁብኛላችሁ። ከአንድ ሽማግሌ ጉንጭ ላይ የተወሰደ ነበር። ከላይ የቆዳው ጠርዝ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ሮዝ ክሮች ተጋድመዋል፤ በመሃላቸው የላብ መውጫዎቹ ክብ ክብ ሠርተዋል። ሰውየው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከልጁ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ፊቱ ውስጥ ይኸ ሁሉ እንዳለ አያውቅም። መጽሐፉ ሕብረ ሕዋስ ይለዋል። እኔ የአባቴን ጣት አሰብኩ፤ ይኸን የሸመነው አልተጣደፈም ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ስሸሸው ነው እስካሁን ስለ ሰምና ስለ ውሃ ያወራሁት።

የኛ አገር ሰው ከገላው የተለየ ነገር ዝም ብሎ አይጥልም። ጥፍሩን ሲቆርጥ፣ ፀጉሩን ሲላጭ አፈር ያለብሰዋል። እግሩ የተቆረጠ ሰው ቢኖር ቤተሰቡ እግሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ይቀብረዋል። ይኸን ያዙልኝ።

ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ ከኩታበር ልጃቸውን ይዘው መጡ። ዘይነባ ትባላለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከግራ ዓይኗ ሥር እብጠት ወጥቶባት በየወሩ ይጨምራል። ዶክተሩ ከእብጠቱ ላይ ከምስር ክክ ያነሰች ቁራጭ ወስዶ ላከልኝ። ያን ቀን ጋሽ ይማም ለለቅሶ ደጋን ወርደዋል፤ ብቻዬን ነኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አፍንጫዬ ምንጭ ሆኗል። ማን ያየኛል ብዬ የአፍንጫዬን ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሶፍቷን ገነጠልኩ። ቁራጯን አስቀመጥኩባት። ቀዩን ቀለም ልጥል እጄን ስዘረጋ አስነጠሰኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ተናፈጥኩ። ከዚያ ጠብታዋን ረስቼ ፖስታዋን አጠፍኩና አጠገቤ አኖርኳት። እንደገና ተናፈጥኩ። የተጨማደደውን ሁሉ በአንድ እጄ ጠርጌ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፤ ቁራጭ የምናስቀምጥባትን ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥንም ዘጋሁ። ፖስታዋ ውስጧ ያለች መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስከፍተው ባዶ ነው። ወደ ቅርጫቱ ሮጥኩ፤ ቅርጫቱ ተደፍቷል። ወደ ማቃጠያው ሮጥኩ፤ ሌሊቱን አመድ ሆኗል። አመዱን በእጄ በተንኩት። ምን ላገኝ?

ለዶክተሩ "ቁራጯ አልበቃችም" አልኩት። ውሸት ቁጥር አንድ። የዋህ ሰው ነበር፤ "እንግዲያ እኔ ነኝ በጣም ያሳነስኳት" ብሎ ራሱን ወቀሰ። እንደገና መቁረጥ ግድ ሆነ፤ ቶሎ ካልሆነ እብጠቱ ወደ ዓይኗ እንደሚገባም ተናገረ። ጋሽ እንድሪስ ግን እኔ ዘንድ መጡ፤ ከበሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ነው የያዝኳቸው።

"ልጄ፣ አልበቃችም ካላችሁ ሥጋዋ አለች ማለት ነው" አሉኝ።

"አለች" አልኩ። ከአፌ ወጣ።

"እንግዲያ ስጪኝ፣ ከአፈሯ ልቀላቅላት። የልጄ ገላ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ አላስቆርጥም። ወላሂ አላስቆርጥም!"

"ጋሼ፣ እብጠቱ እኮ ጊዜ አይሰጥም…"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው ቶሎ ስጪኝ የምልሽ።"

ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፤ ሌላው በፋሻ ተሸፍኗል። እውነቱን ብናገር ሰውየው ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ዓይኗ ይጠፋል፣ ምናልባትም እሷ። ለራሴ ያልኩት ይኸን ነው። ከሥሩ ግን ሌላም ነበር፤ ፈራሁ። ሥራዬን፣ ስሜን፣ የጋሽ ይማምን ፊት ፈራሁ። ገብቼ አንዲት ሶፍት ገነጠልኩ። አራት ጊዜ አጠፍኳት፣ ውስጧ ምንም የለም። ቀዩን ጠብታ ግን ያን ጊዜ አልረሳሁም።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቧትና መዳፋቸውን ከላይ ጫኑባት። "አላህ ይመርቅሽ፤ ልጅ ይስጥሽ" አሉኝ። እኔም አሚን አልኩ! በዚያ አፌ አሚን አልኩ።

ዘይነባ እንደገና ተቆረጠች። በሁለተኛዋ ቁራጭ ላይ እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሽታው ክፉው ነበር፤ እብጠቱ በጊዜ ወጣላት፣ ዳነች ተባለ። እኔም "ዳነች" የሚለውን ቃል ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ላለመስማት ወሰንኩ።

ጋሽ ይማም ከለቅሶ ሲመለሱ መዝገቡን አገላበጡ። "አልበቃችም" ብዬ የጻፍኩበት ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ጠብታዋን ጥለሽ ነበር?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ "አፉ በሉኝ፣ ጋሼ" አልኩ። አነሡኝ፤ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ምን ቤት ነኝ? የኔ ሐቅ አይደለም። ባለሐቋ ኩታበር ናት። እሷ አፉ ካላለችሽ እኔ ሺህ ጊዜ ብል አይሆንም" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም። ትንሽ ቁራጭ በመጣ ቁጥር ግን፣ እኔ ሶፍቷን ስገነጥል፣ የቀዩን ቀለም ጠርሙስ በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደኔ ይገፉታል። ጡረታ እስከወጡ ድረስ እንደዚያ አደረጉ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ። በየዓመቱ ዘንድሮ ኩታበር እሄዳለሁ እላለሁ፤ ዘንድሮ ወረፋ በዛ፣ ዘንድሮ ልጅ ወለድኩ፣ ዘንድሮ መንገዱ አያስኬድም። ኩታበር እኮ አፍንጫዬ ሥር ናት! በመሃል አዲስ መሣሪያ መጣ፤ ሥጋውን በራሱ ከፈሳሽ ወደ ፈሳሽ እያዛወረ ሲሠራ ያድራል፣ ለትንንሾቹም ልዩ ከረጢት አለው። ወጣቶቹ ሥዕሉን ስክሪን ላይ ያያሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ማሻአላህ። ጋሽ ይማምም አረፉ፤ ደጋን ሄጄ ቀበርኳቸው።

የስንብቴ ቀን ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። በኛ ደንብ የሚለይ ሰው ዙሪያውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔም ተነሥቼ "አፉ በሉኝ፣ ያስቀየምኩት ካለ" አልኩ። "አፉ ብለናል! አፉ ብለናል!" አሉ በአንድ ድምፅ፤ አጨበጨቡልኝ። ጋቢው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘኝ። አንድ ድምፅ ጎድሏል። በሳምንቱ የኩታበር ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት "የእንድሪስን ልጅ ዘይነባን ታውቂያታለሽ?" አልኳት።

"ዓይኗ የሚያነባዋን? ማን የማያውቃት አለ!"

ከዚያ ወዲያ መንገዱን አላየሁትም።

ዘይነባ ግቢዋ ውስጥ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አርባን ተጠግታለች። በግራ እጇ ሶፍት ይዛለች። ሰላም ስንባባል ዓይኗን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። የታችኛው የዓይኗ ቆብ ወደ ጉንጯ ተጎትቷል፤ ዕንባው ማረፊያ አጥቶ ይወርዳል። እኔ ጠባሳን አውቀዋለሁ፤ አርባ ዓመት ገደማ በማይክሮስኮፕ አይቸዋለሁ። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ ሥጋው ይኮማተራል፣ ያጠገቡን ይዞ ይሳባል። ሁለተኛው መቁረጥ የኔ ነው። እዚያው ቆሜ ገባኝ።

ስሜን ስነግራት ግን ፊቷ በራ። "የላቦራቶሪዋ እትዬ ኑሪያ! አባቴ እስኪሞት ሲመርቅዎት ነበር። ይምጡ፣ ይምጡ ላሳይዎት" ብላ እጄን ይዛ ከጓሮ ወዳለው የቤተሰቡ መቃብር ወሰደችኝ። ከወይራ ዛፍ ሥር አንድ አዲስ መቃብር አለ፤ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ተተክላለች።

"ይቺ የሰጡት ናት" አለች። "ከፍቶ እንኳ አላያትም፤ 'የልጄን ገላ አይቼ ልቤ አይችልም' ብሎ እንደታጠፈች ቀበራት። ሊሞት ሲል 'ከሷ ጎን አድርጉኝ፤ የልጄ ገላ ብቻዋን አትደር' አለ። አምና ነው።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ምርቃቴን ይዤ፣ ምሳ በልቼ መመለስ እችል ነበር። አላህ ያውቃል፣ አማረኝም። ከዚያ ጣቴን አየሁት፤ አፍንጫዬን የጠረግሁባትን ሶፍት ሳላውቀው ለሁለት ገንጥሏታል።

"ዘይነባ፣ ምንም የለባትም" አልኩ። "ባዶ ናት። ገላሽን ከአፍንጫዬ ሶፍት ጋር ጥዬው ተቃጠለ። ለአባትሽ የሰጠኋቸው ባዶ ሶፍት ነው። ይኸ ዓይንሽም ያነባው በኔ ነው።"

"ባዶ?" አለች።

"ባዶ።"

"አባቴ ከባዶ ሶፍት ጎን ነው የተኛው?"

መልሴን ሳትጠብቅ ዞራ ወደ ቤት ሄደች። ሰው ልትጠራብኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞም ይገባኛል አልኩ። ጉሙ ከወይራው በላይ ቀስ እያለ ያልፋል። ስትመለስ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው ዶማ ይዛለች። ሻርፗን ገለጥ አደረገችና ከሹሩባዋ ጫፍ ቆረጠች። ዓይኗን የጠረገችባትን እርጥብ ሶፍት ዘርግታ ፀጉሩን አስቀመጠችባትና ሰጠችኝ።

"ያጥፉት" አለች።

አራት ጊዜ አጠፍኩት። እሷ ድንጋይዋን አንሥታ ቆፈረች። እኔ ቢስሚላህ ብዬ አስገባኋት። አፈሩን በመዳፋችን መለስነው፣ ድንጋይዋን መልሳ ተከለች።

ዘይነባ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከአባቷ እግርጌ ተቀመጠችና ዓይኗን ሳትጠርግ አየችኝ።

"አሁን 'አፉ በይኝ' ይበሉኝ" አለች።